ደረቁ ጠርዝ

የእህቴን ባል «ደቂቃ» ብለን የሰየምነው እኛ የዴፖው ሹፌሮች ነን። ለስሙ ሁለት ምክንያት ነበረን። አንደኛው ቁመቱ ነው፤ መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ በላዩ ብርድ ልብስ አጣጥፎ ካልደለደለ በስተቀር ከፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ባቡሩን የሚነዳው ባርኔጣ ነበር። ሁለተኛው ሰዓት ማክበሩ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በራሱ ጥፋት አንዲት ደቂቃ አሳልፎ ጣቢያ ገብቶ አያውቅም። እህቴ «በሠርጋችን ቀን መጀመሪያ ያለኝ ነገር ‹አርፍደሻል› ነው» እያለች ሰው ታስቃለች።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እህቴንም ያገኛት እኔ ቤት ነው። ስለዚህ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ክፉም ደግም የገባው በእኔ በር ነው። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም። ወደፊት እንደምታዩት፣ ባልለው ይሻለኝ ነበር።

ስለ ሥራችን ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ባቡር የሚነዳ ሰው ዕድሜ ከሰጠው ሰው ይገድላል። ሳይፈልግ፣ ሳይጠጣ፣ ሕግ ሳይጥስ ይገድላል። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ሦስት ሰው። አንድም ሳይገጥመው የከረመ ጓደኛ ነበረን፤ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገጠመው። ባቡር እንደ መኪና አይጠመዘዝም። ፍሬኑን ከሳብክ በኋላ ያንተ ሥራ አልቋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነዳው ክብደቱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እኛ ጋ አይሠራም። እኛ ጋ የተወጋው ሄዷል፤ የማይረሳው የወጋው ነው።

የመጀመሪያዬን አይቼዋለሁ። የዝናብ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ጡሩምባውን ስነፋ ቀና ብሎ አየኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው ይመስል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ጢሜን ስላጭ ከመስታወቱ ውስጥ የሚያየኝ እሱ የሚሆንበት ቀን አለ። ከዚያ በኋላ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፤ እኔ ጋ ለሰለጠነ ሁሉ ደግሞ አስተማርኩ። ፍሬኑን ሳብ፤ ጡሩምባውን ንፋ፤ ፊትህን አዙር። ሁለቱ ለሰውየው ነው፣ ሦስተኛው ላንተ ነው እላቸው ነበር። ደቂቃ ይህን ስነግረው በማስታወሻ ደብተሩ ሊጽፈው ሲል ብዕሩን የቀማሁት ትዝ ይለኛል። «ይህ አይጻፍም፣ አንተ ሞኝ» አልኩት።

የማይጻፈው መመሪያው ሌላ ስለሚል ነው። መመሪያው «ነጂው ባቡሩ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም» ይላል። ከአደጋ በኋላ በምንሞላው ቅጽ ላይም «እስከ መጨረሻው ተመልክቻለሁ» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ ትንሽ ሳጥን። እዚያች ሳጥን ውስጥ ምልክት ያላደረገ ሹፌር አላውቅም። በእውነት የተመለከተ መኖሩን ግን እንጃ። ማንንም ስለማይጎዳ ውሸት አይመስለንም ነበር።

ሦስተኛው ጣቢያ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ሰማያዊ ጋዋን የምትለብስ፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳው የተጠጋ፣ ትከሻዋ ሰፊ። መሳፈሪያውን ገና ሰው ሳይበዛ በውሃ ትወለውለዋለች። ከሐዲዱ አጠገብ ያለውን ጠርዝ ግን፣ አንድ እርምጃ የሚያህለውን፣ ውሃ አታስነካውም ነበር። እሱን በደረቅ መጥረጊያ ነው የምትጠርገው። ያዘዛት የለም፤ የራሷ ጭንቅላት ነው ያዘዛት። ይህን የምናውቀው ከፊት ሆነን የምናይ እኛ ሹፌሮች ብቻ ነን፤ ተሳፋሪ የሚረግጠውን አያይም። የደቂቃ ባቡር ሲገባ መጥረጊያዋን እንደ ወታደር ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቀጥ ትላለች፤ እሱም ባርኔጣውን ይነካል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታቸው ይህ ነበር። ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ደቂቃ ወደ ሦስተኛው ጣቢያ ሲገባ አንዲት ወጣት ከሰው መሃል ተለይታ ጠርዙ ላይ አያት። ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ እንደሆነች የሰማነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየው ቢጫ ሹራብ ብቻ ነው፤ ቢጫው ሹራብ ወደ ፊት ሲመጣ። ፍሬኑን ሳበ። ጡሩምባውን ነፋ። ፊቱን አዞረ።

በዞረበት በኩል የሻይ ቴርሞሱ ነበር። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ቴርሞሱ ከመደርደሪያው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ክዳኑ ወልቆ ወለሉ ላይ መሽከርከር ጀመረ። ደቂቃ ክዳኑ እስኪቆም ድረስ ክዳኑን አየ። ልጅቷን አላየም። ወደቀች ይሁን ገባች፣ ተሰናክላ ይሁን ተገፍታ፣ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ሰማ። ወዲያው የጋቢናው በር መደብደብ ጀመረ። «ክፈቱልን፣ ሥራ ረፈደብን!» ሌላው ደግሞ «በዚህ ሰዓት? ሌላ ሰዓት አጥታ ነው?» ይላል። ልጅቷ ገና ከባቡሩ ሥር ናት። መሳፈሪያው ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ነበር፣ ግድግዳ ተደግፋ የምታስመልስ ተማሪ ነበረች፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሰልፉ ነበር። ባቡር ሲዘገይ ጣቢያው ለአለቃ የሚታይ ትንሽ ወረቀት ይሰጣል፤ «በቴክኒክ ችግር ዘግይቷል» የሚል ማኅተም ያለበት። ያን ቀን የወረቀቱ ሰልፍ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው ደርሶ ነበር። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው «ሁለት ስጠኝ፣ ለባለቤቴም» ሲል ደቂቃ በጆሮው ሰምቷል። ሚስትየው እዚያ አልነበረችም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ሰው ሆና ተገኘች። ጋዋኗን አውልቃ ጠርዙ ላይ የቀረውን አንድ ጫማ ሸፈነችው። የልጅቷን ቦርሳ አንስታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ፖሊስ እስኪመጣ ለማንም አልሰጠችም። ለሚቀርጸው ሰውዬ «እህትህ ብትሆንስ?» አለችው፤ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ያፈረ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ተነግሮት ነው።

ደቂቃ ቅጹን ሞላ። «ከጠርዙ ወደ ሐዲዱ ገባች» ብሎ ጻፈ፤ ሳጥኗ ውስጥም እንደ ሁላችን ምልክት አደረገ። ፖሊሶቹ ያንን ይዘው «ራሷን ጥላለች» ብለው መዝገቡን ዘጉ። ካሜራ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ፤ ቲኬት ያልቆረጠ ሰው እንዳያልፍ መግቢያውን ነው የሚጠብቀው።

ደቂቃ አሥር ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት ቤት ዋለ። አይበላም፣ አይተኛም፣ ቴርሞሱን እያጠበ መልሶ ያጥባል። እኔ ልጠይቀው እዚያ በነበርኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የልጅቷ እናት ነበረች። ዴፖው በር ላይ ሦስት ቀን ቆማ ዘበኞቹ ሲመልሷት፣ ጠያይቃ ቤቱን አገኘችው። ቀጭን ሴት ናት፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እህቴ ያቀረበችላትን ውሃ ይዛ አልጠጣችውም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ ያቺን አንዷን የተነጠቀችውን ምን እንደሚሏት እኔ አላውቅም።

«ልቆጣህ አልመጣሁም፣ ልጄ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ራሷን ነው ብለው ጻፉብኝ። ጠዋት ምሳዋን ቋጥሬ ሰጥቻታለሁ። ‹እማ፣ ሳሙና እንዳትገዢ፣ እኔ ስመጣ ይዤ እመጣለሁ› ብላኝ ነው የወጣችው። ምሳውን ይዞ የሚሞት ሰው አለ? ከፊቷ የነበርከው አንተ ነህ። ወደቀች ወይስ ገባች?»

ደቂቃ እኔን አየኝ። እዚህ ላይ ነው ማፈር የሚገባኝ፣ አፍራለሁም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩለት፤ ‹ወደቀች በላት› ማለቴ ነበር።

«ተንሸራታ ነው፣ እናቴ» አለ።

ሴትየዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እጇን ዘርግታ የምትይዘው ነገር ስትፈልግ አይቻታለሁ» ብሎ ጨመረ። ውሸት ዝርዝር ይወዳል። የተንሸራተተው ቴርሞሱ ነበር፤ መንሸራተቱን ለልጅቷ አልብሶ ለእናቲቱ ሰጣት። እናቲቱ ከሶፋው ወርዳ እጁን ይዛ ሳመችው። «አወቅሁ እኮ! ልጄን አውቃታለሁ እኮ!» እያለች አለቀሰች፤ እህቴ አለቀሰች፤ እኔም፣ ድንጋዩ ሰውዬ፣ አለቀስኩ። ከሄደች በኋላ የደቂቃን ትከሻ መታ መታ አድርጌ «ጥሩ ሠራህ» አልኩት። ያን ሌሊት ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

እኔ ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እናት ግን እናት ናት። ያገኘችውን ይዛ ዝም አትልም። በሳምንቱ ከወንድሟ ጋር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ ካሳም አልጠየቀችም። «ልጄ ተንሸራታ ነው የሞተችው፤ ሹፌሩ ራሱ ነግሮኛል፤ ወረቀቱን አስተካክሉልኝ» ነው ያለችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁለቱንም ነው። «ራሷን» የሚለውን ቃል ለመሰረዝ በቦታው ሌላ ጥፋተኛ መጻፍ አለበት። ተንሸራተተች ከተባለ መሬቱ ርጥብ ነበር፤ መሬቱ ርጥብ ከነበረ ያረጠበው ሰው አለ፤ ያረጠበው ሰው ደግሞ ሰማያዊ ጋዋን ይለብሳል። ቢጫውን የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አላቆመችም ተባለ። ጉዳዩ እስኪጣራ የጽዳት ሠራተኛዋ ከሥራ ታገደች።

ደቂቃ ወደ ሥራ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ሦስተኛው ጣቢያ ላይ አንዲት ሴት ወደ ጋቢናው መስኮት ቀረበች። ያለ ጋዋኗ ወዲያው አላወቃትም። ባቡሩ እዚያ የሚቆመው ለሠላሳ ሰከንድ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ወንድሜ» አለችው። «ጠርዙን በደረቅ ነው የምጠርገው። አሥራ አንድ ዓመት አይተኸኛል። ያን ቀን ርጥብ ነበር?»

ደቂቃ እጁን ወደ በሩ መዝጊያ ሰደደ።

«ርጥብ ከነበረ ርጥብ ነበር በል፤ እቀበላለሁ። ደረቅ ከነበረ ግን ደረቅ በል። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ሰዓቱን አየ። «እትዬ፣ መነሻዬ ደርሷል» አላትና በሩን ዘጋ። ያን ቀንም አንዲት ደቂቃ አላሳለፈም።

በዚያው ቀን ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እኔ ቤት መጣ፤ እህቴም የደንብ ልብሱን ልትተኩስለት ብላ መጥታ ነበር፤ የእነሱ ካውያ ከተቃጠለ ቆይቷል። ደቂቃ በሩ ላይ እንደቆመ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» አለኝ። የምርመራው ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ ተጠርቷል። ተንሸራተተች ካለ ሴትየዋ ትባረራለች። ራሷን ነው ካለ እናቲቱን በቁሟ ይቀብራታል፤ እሱም ቢሆን ውሸት ነው፣ አላየምና። አላየሁም ካለ ደግሞ የእሱ መንጃ ፈቃድ አለቀለት።

እኔ ያሰብኩትን ልናገር? ስለ ሴትየዋ አይደለም ያሰብኩት። ስለ ደቂቃም አይደለም። «አላየሁም» ካለ «ማን አስተማረህ?» ይሉታል፤ ከዚያ የእኔ ሦስት ቅጾች ከመዝገብ ቤት ይወጣሉ፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው «ምስጉን አሠልጣኝ» የሚለው የምስክር ወረቀት ነው የታየኝ። ለካ ሰው ለአንድ ፍሬም እንደዚህ ይሳሳል።

«ከራስ በላይ ነፋስ» አልኩት። «ያልከውን ድገመው። እሷ ሌላ ቦታ ትቀጠራለች፤ መጥረጊያ የትም አለ። አንተ ባቡር የትም አታገኝም።»

እህቴ ካውያውን አቆመች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለች ለሁለታችንም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ ያላየኸው ነገር ሁሉ የሌለ ይመስልሃል።» ታናሼ ናት፤ በሕይወቷ እንዲያ ተናግራኝ አታውቅም። ተቆጣሁ። እውነት ስለሆነ ነው የተቆጣሁት።

ሐሙስ እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ሹፌሮች እንዴት እንደሚሠለጥኑ እንዳስረዳ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ያልተከፈቱ የውሃ ጠርሙሶች፣ የብዕሩን ክዳን የሚከፍት የሚዘጋ መርማሪ። እናቲቱና ወንድሟ ከኋላ ተቀምጠዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ቃሏን ቀድማ ሰጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። ለመርማሪው የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጠርዙን ውሃ አላስነካሁም።» ልጅቷ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት መልስ አልሰጠችም።

ደቂቃ ተነሣ። ቆሞም ከተቀመጠው መርማሪ ብዙ አይበልጥም ነበር።

«ተንሸራታለች ያልኩት ውሸት ነው» አለ። «ገብታለች ብዬ የጻፍኩትም ውሸት ነው። አላየኋትም። ፍሬኑን ስቤ፣ ጡሩምባውን ነፍቼ፣ ፊቴን አዞርኩ። ቴርሞስ ነበር የማየው።»

ብዕሩ ቆመ። «መመሪያው ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፊት ማዞርን ማን አስተማረዎት?»

ሁለት ወንበር ራቅ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። በመስኮቱ በኩል ታች ግቢው ውስጥ አንድ ሰው የመኪና መስታወት ሲወለውል ይታያል። እሱን ማየት ጀመርኩ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ጨርቁን ጨመቀ፣ ከዚያ እንደገና።

«ማንም» አለ ደቂቃ። «የራሴ ፍርሃት ነው።»

እኔ መኪናው ተወልውሎ እስኪያልቅ ድረስ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። መርማሪው የመንሸራተቱ ቃል ስለተሻረ በሴትየዋ ላይ የቀረበው ጉዳይ ይነሣል፣ ሰኞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች አለ። ደቂቃ ከመንዳት ታገደ። የልጅቷ መዝገብም «በምን ምክንያት እንደሆነ አልታወቀም» ተብሎ ይስተካከላል ተባለ። ለሴትየዋ የመመለሻዋን ደብዳቤ አንድ ጸሐፊ ይዞላት ወጣ። ሁላችንም ተከትለን ወደ ኮሪደሩ ወጣን።

እናቲቱ ደቂቃን እዚያ ጠበቀችው። የሳመችውን እጅ አልነካችም። ልብሱን ደረቱ ላይ ጨብጣ ያዘች።

«አታለልከኝ» አለችው። «ይሁን። ለእኔ ብለህ ነው። ግን ፊትህን አዞርክባት? ልጄ ያን ሁሉ ብረት ስታይ አንተ ዕቃ ታያለህ?» ድምጿ እየሰለለ ሄደ። «ያ ሁሉ ሰው እዚያ ቆሞ ማንም አላያትም ማለት ነው? አንድ ሰው እንኳ?»

ወንድሟ «በቃ፣ እንሂድ» ብሎ ሊጎትታት ሞከረ፤ አልተንቀሳቀሰችም። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የምትነሣ አትመስልም ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋ ከአግዳሚው ተነሣች። ደብዳቤው በእጇ ነው፤ ገና አላጠፈችውም።

«እኔ አይቻታለሁ» አለች።

እናቲቱ ቀና አለች።

«ተንሸራታ ነው» አለች ሴትየዋ። «ያን ቀን ቸኩዬ ጠርዙንም በውሃ ወልውዬው ነበር። እጇን ዘርግታ ነበር። እኔን ነበር የምታየው። ብቻዋን አልነበረችም።»

በሩ ላይ የቆመው መርማሪ ብዕሩን አወጣ። ደቂቃ «እትዬ፣ ተይ» አለ፤ አልሰማችውም። እናቲቱ ተነሥታ በሙሉ እጇ በጥፊ መታቻት። ሴትየዋ ፊቷን አላዞረችም። ሁለተኛ ጊዜ መታቻት። ከዚያ እዚያው ደረቷ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ ሴትየዋም ጸሐፊው መጥቶ ደብዳቤውን ከጣቶቿ መሃል መዝዞ እስኪወስደው ድረስ በአንድ እጇ ይዛት ቆመች።

ተከትያት ደረጃውን ወረድኩ። ጉልበቴ አያወርደኝም፤ ታች ግቢው በር ላይ ነው የደረስኩባት። ጉንጯ ገና ቀልቶ ነበር።

«ለምን?» አልኳት። «ጠርዙን በደረቅ እንደምትጠርጊው እኔም አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?» አለችኝ።

ፊቴን ወደ ተወለወለው መኪና አዞርኩ።

«እናትየዋ ዛሬ ቤቷ መግባት ነበረባት» አለች። «የልጅቷን ምሳ እኮ አይቼዋለሁ። ቦርሳው እጄ ላይ እያለ ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር።»

«እና ልጅቷ? በእውነት ምን አየሽ?»

«አይቻታለሁ አልኩ እንጂ እነግርሃለሁ አልኩ?» ብላኝ ሄደች።

ይኸው ዓመት አለፈ። ሴትየዋ አንድ ሕንፃ ላይ ደረጃ ታጥባለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። እናቲቱ የተስተካከለውን ወረቀት አግኝታለች። የእኔ የምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ነበረ፤ እህቴ አንድ ቀን ቤቱን ስታጸዳ አውርዳ ከአልጋዬ ሥር አስገባችው፤ እኔም መልሼ አልሰቀልኩትም። ለመርማሪው ሄጄ እውነቱን ልነግረው ሁለት ጊዜ ጫማዬን አስሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ፈትቻለሁ።

ደቂቃን መሥሪያ ቤቱ አላባረረውም፤ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የመሳፈሪያ ተቆጣጣሪ አደረገው። ሰው ከመስመሩ እንዳያልፍ ፊሽካ መንፋት ነው ሥራው። ባቡር ሲገባ ጠርዙ ላይ የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ፊት ፊቱን ያያል፤ ሰው «ምን ያፈጣል ይሄ አጭር?» እያለ ያማዋል። ሌላም ሥራ ለራሱ ጨምሯል። ከዚያ ምርመራ በኋላ አዲስ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ መሳፈሪያው ከዳር እስከ ዳር በሳሙናና በውሃ እንዲታጠብ፣ ቢጫው ሰሌዳም በየቀኑ እንዲቆም የሚል። አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ ጠርዙንም ታጥበዋለች። ደቂቃ በደረቅ ጥረጊው ብሎ ነግሯት ነበር፤ «ትእዛዙ ላይ የለም፣ እኔን ልታስባርር ነው?» አለችው። እውነቷን ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ላየው ሄድኩ። ከአግዳሚው ላይ ሆኜ ሳይ ደቂቃ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጠርዙን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በደረቅ ጨርቅ እያሸ ነበር። ቢጫው ሰሌዳ መሃል ላይ ቆሟል። ደረጃው ላይ ሰው ሞልቶ እየወረደ ነው። ልረዳው ፈልጌ ነበር፤ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ መንገድ ልቀቅ እንጂ» አለው አንዱ ከላዩ እየተረማመደ። «ረፈደብን።»